ርካሽ አውቶሞቢልና የዝገት ዕዳ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የአውቶሞቢል ነገር በአገራችን መልኩን ለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው ግብሩን አከበደበት፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እየተዘዋወሩ በየዓመቱ ያረጃሉ። በሌላው ወገን ደግሞ ስማቸውን ከዚህ ቀደም ያልሰማናቸው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በየመንገዱ ይታያሉ። ገዢው እንግዲህ በሁለት መካከል ቆሟል፤ አንደኛው ያረጀ፣ ሁለተኛው ያልተፈተነ ነው።

በዚህ ጊዜ ሥራ ከያዘ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው ወጣት ከደመወዙ ያጠራቀመውን፣ የዕቁቡን ዕጣና ከዘመድ የተበደረውን አንድ ላይ አድርጎ መኪና ሊገዛ ይወጣል። ደላላው ቀለሟ የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋዋም ከሌሎቹ ዝቅ ያለ አንዲት አውቶሞቢል ያሳየዋል። ሞተሩ ይነሣል፤ ሬዲዮው ይናገራል፤ ሊብሬው ተሟልቷል። ዋጋው ይቈረጣል። ክረምቱ ገብቶ በወጣ ጊዜ ግን የእግር ምንጣፉ ረጥቦ ይገኛል፤ ምንጣፉ ሲገለጥ ወለሉ ተበስቷል፤ ብየዳ የሚሠራው ባለሙያ በመዶሻ ቀስ ብሎ ቢመታው ላሜራው እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጸጸት ነው።

ይህ ጸጸት በአንድ ሰው ወይም በአንድ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በሀብታም አገሮችም ታላላቅ ፋብሪካዎችን ያሳፈረ፣ ብዙ ሺህ ገዢዎችንም ያስለቀሰ ነገር ነው። የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ርካሽነት የሚሸሸገው በማይታየው ሥፍራ ነው፤ ዝገትም ሥራውን የሚጀምረው ከዚያው ከማይታየው ሥፍራ ነው። ስለዚህ ዓይኑን ብቻ አምኖ የሚገዛ ሰው የሁለቱም ዕዳ ይደርስበታል።

ዝገት ምንድን ነው?

ብረት በመሬት ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ፣ ቀይ አፈርና ቀይ ድንጋይ ሁኖ ነው። ፋብሪካው በታላቅ እሳት ኦክሲጅኑን ያስለቅቀውና ብረት ያደርገዋል። እንግዲህ ብረት ማለት በግድ ከተፈጥሮው የተለየ ነገር ነው ማለት ይቻላል፤ ውሃና አየር አንድ ላይ ባገኙት ጊዜ ወደ ቀድሞው ቀይ አፈርነቱ ይመለሳል። ዝገት ይኸው መመለስ ነው። ዝገቱ ከተበላው ብረት የበለጠ ሥፍራ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል፤ ፍርፍር ስለ ሆነም እርጥበት ይዞ ያቆያል። በቀለም ላይ ትንሽ እብጠት በታየ ዕለት፣ በሥሩ ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ የቆየ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ጨው በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ዝገቱ ይፋጠናል። ምክንያቱም ዝገት በብረቱ ላይ በሚመላለስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚሠራ ስለ ሆነና ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን ከንጹሕ ውሃ ይበልጥ ስለሚያሳልፍ ነው። በሰሜን አሜሪካና በብዙው አውሮፓ በበረዶ ወራት መንገዱ እንዳያዳልጥ ጨው ይነሰነስበታል፤ ይህም ልማድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እጅግ ተስፋፋ። መንገደኛው ከአደጋ ይድናል፤ መኪናው ግን ሆዱን በጨው ውሃ እየታጠበ ይከርማል። የአገራችን ሰው «የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ይላል። በእነዚያ አገሮች ብልህ የሚባለው ባለመኪና በረዶው እንዳለፈ የመኪናውን ሆድ በንጹሕ ውሃ የሚያሳጥበው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። የመንገድ ጨው የለባትም፤ ባሕሩም ሩቅ ነው፤ ከዓመቱ ወራት የሚበዙትም ደረቆች ናቸው። በዚህ ምክንያት በሌላ አገር በዝገት ያለቁ የመኪና ዓይነቶች በእኛ ዘንድ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት የከተማይቱን ሰው ያመላለሰችው ላዳ ለዚህ ምስክር ናት።

ይሁን እንጂ ይህ በጎ ዕድል ሁለት ነገር እንዳያስረሳን ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ከውጭ አገልግሎ የመጣ መኪና የቀድሞ አገሩን ዝገት ይዞ መምጣቱ ነው። በሰሜን አውሮፓ ጨው የከረመ ወይም በባሕረ ሰላጤው ወደቦች አጠገብ ጨዋማ ወበቅ ሲነፍስበት የኖረ መኪና ወደ ደጋ ስለ ወጣ አይፈወስም። ሁለተኛው፣ በአገራችንም ውስጥ ለብረት የማይመች ሥፍራ መኖሩ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱና የአፍዴራን ጨው የሚጭኑ ከባድ መኪኖች ሁኔታ ከአዲስ አበባው የቤት አውቶሞቢል ጋር አንድ አይደለም። በደጋውም ቢሆን የክረምት ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጥ ተጠቅጥቆ ከቀረ፣ ሰማዩ ከደረቀም በኋላ ብረቱን ሲያረጥብ ይሰነብታል።

የላንቺያ ትምህርት

ርካሽነትና ዝገት አንድን ታላቅ ስም እንዴት እንደሚጥሉት ለማየት የኢጣልያንን ላንቺያ ብንመለከት ይበቃናል። ላንቺያ እ.ኤ.አ. በ1906 በቶሪኖ ከተማ የተቋቋመ፣ በሥራው ጥራት የተከበረ ፋብሪካ ነበር። ነገር ግን ለጥራት የሚያወጣው ወጪ ከገቢው እየበለጠ ዕዳ ውስጥ ስለ ገባ እ.ኤ.አ. በ1969 በፊያት እጅ ወደቀ። አዲሱ ባለቤት በፍጥነት ቤታ የተባለችውን አውቶሞቢል አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1972 አወጣ። ቤታ ፈጣንና መልከ መልካም ነበረች፤ በእንግሊዝ አገርም ብዙ ገዢ አገኘች።

የቤታን ሞተር ከፊት የሚሸከመው ከዋናው አካል ጋር የተያያዘ የብረት ተሸካሚ ነበረ። ይህ ተሸካሚ በሚያያዝበት ሥፍራ ውሃ ገብቶ ይቆም ነበር፤ ሥፍራውም ከዓይን የተሰወረ ነው። እንግሊዝ አገር ዝናቡም የመንገዱም ጨው ብዙ ነውና በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በዚያ በኩል ተበሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ነገሩ በእንግሊዝ ጋዜጦች ወጣ፤ ፋብሪካውም የተጎዱትን አሮጌ ቤታዎች ከባለቤቶቻቸው መልሶ እስከ መግዛት ደረሰ። በኋላ የተሠሩት ቤታዎች የተሻሻሉ ነበሩ፤ ሆኖም ስሙ አንድ ጊዜ ተበላሽቷልና አልዳነም። ላንቺያ እ.ኤ.አ. በ1994 የእንግሊዝን ገበያ ትቶ ወጣ።

በዚያ ዘመን የኢጣልያን መኪኖች ስለ ዛጉበት ምክንያት እስከ ዛሬ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1966 ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተዋውሎ በቶሊያቲ ከተማ የአውቶሞቢል ፋብሪካ አቋቁሟል፤ ላዳ የተወለደችውም ከዚያ ነው። ሶቪየቶች የክፍያውን ከፊል መናኛ በሆነ ብረት ስለ ከፈሉ የኢጣልያን መኪኖች በዚያ ብረት ምክንያት ዛጉ ይባላል። ታሪኩ ለወሬ ይጣፍጣል እንጂ በማስረጃ የጸና አይደለም። ከሶቪየት ብረት ጋር ምንም ጉዳይ ያልነበራቸው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጃፓን መኪኖችም በእነዚያው ዓመታት በብዛት ይዝጉ ነበር። የጋራ ምክንያታቸው ሌላ ነው፤ ላሜራው ቀጥኗል፣ በሥውር ሥፍራ የሚቀባው መከላከያ ጐድሏል፣ የውሃው መውጫም በሚገባ አልታሰበበትም። ለጥፋት ሩቅ ምክንያት መፈለግ ቀላል ነው፤ ከባዱ ነገር በዕቅድ ወረቀቱ ላይ የተደረገውን ቁጠባ ማመን ነው።

ቆዳና አጥንት

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያውስ መኪናው ከማይዝግ ነገር ቢሠራ ነገሩ ሁሉ ያበቃ አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ይህ አሳብ ተሞክሯል፤ የተገኘውም ውጤት ትምህርት የሚሰጥ ነው።

በአገራችን ገጠር ለብዙ ዘመን ያገለገለው ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ የውጭ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነበረ። ምክንያቱ ቅንጦት አይደለም፤ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይሰጥ ስለ ነበረና አሉሚኒየም ግን ስለ ተረፈ ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው በላዩ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን የታችኛውን ይጠብቀዋል፤ እንደ ብረት ዝገት አይፈረፈርም። የላንድሮቨር ሻንሲ ግን ብረት ነበረ። በዚህም ምክንያት በርጥብ አገር ላይ ቆዳው ሳይነካ አጥንቱ የተበላ ላንድሮቨር ማየት የተለመደ ነው።

የምሥራቅ ጀርመን ትራባንትም እንዲሁ ናት። ያ መንግሥት የመኪና ላሜራ ስለ ቸገረው የመኪናይቱን የውጭ አካል ከጥጥ ትራፊና ከሙጫ ተጨምቆ ከሚሠራ ዱሮፕላስት ከሚባል ነገር አደረገው። ዱሮፕላስት አይዝግም፤ ነገር ግን በሥሩ ያለው ወለልና ድጋፍ ብረት ስለ ነበረ ይዝግ ነበር። በሌላው ዓለም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዴሎሪያን ላዩ በማይዝግ ብረት የተሸፈነ ውድ መኪና ነበረ። ሻንሲው ግን ተራ ብረት ሁኖ በመከላከያ የተለበጠ ስለ ነበረ፣ ልባጡ በተሰነጠቀበት ሥፍራ ዝገት ገባበት። የድኻው ትራባንትና የሀብታሙ ዴሎሪያን በአንድ በሽታ ታመሙ፤ ሁለቱም ቆዳቸውን አድነው አጥንታቸውን አላዳኑም።

ቆዳው ከአጥንቱ በተለየ ማዕድን የተሠራ እንደ ሆነ ሌላም ችግር ይጨመራል። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው ጨዋማ ውሃ በመካከላቸው ከገባ፣ አንዱ ሌላውን ያስበላዋል፤ በዚህ ጊዜ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ስለዚህ ውድ ማዕድን መምረጥ ብቻውን አይበቃም፤ አያያዙም ሊታወቅ ይገባል።

ዝገትን የገታው ቆርቆሮ ነው

መድኃኒቱ ከሩቅ የመጣ ነገር አይደለም፤ ከቤታችን ጣራ ላይ ያለ ነው። ቆርቆሮ ማለት በዚንክ የተለበጠ ቀጭን ብረት ነው። ዚንክ ብረቱን በሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛ ውሃና አየርን ይከለክላል፤ ሁለተኛ ልባጡ ቢጫር እንኳ ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ቀድሞ ይበላል። ልባጡ ወፍራም የሆነ ቆርቆሮ ብዙ ዘመን ሳይዝግ ይቆያል፤ ልባጡ የሳሳው ግን ፈጥኖ ይቀላል። በገበያ ቀን ግን ሁለቱም እኩል ያብረቀርቃሉ። የርካሽ ዕቃ ምሥጢር በሙሉ በዚህ ምሳሌ ውስጥ አለ።

የመኪና ፋብሪካዎች ይህን ጥንታዊ ዘዴ በሙሉ ልብ የተቀበሉት ዘግይተው ነው። ፖርሸ ለ1976 እ.ኤ.አ. ባወጣው 911 በተባለው መኪናው አካሉን ሁሉ በዚንክ ከተለበጠ ብረት ሠራ፤ አውዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ብዙ ሰው የሚገዛውን አውዲ 100 እንዲሁ አደረገ። ከዚህ ጋር የመኪናው አካል በሙሉ በቀለም ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ በኤሌክትሪክ ኃይል እስከ ሥውሩ ጥግ እንዲገባ የሚያደርገው ዘዴ ተስፋፋ። ዛሬ ብዙ የአውሮፓ ፋብሪካዎች አካሉ በዝገት እንዳይበሳ 12 ዓመት ያህል ዋስትና ይሰጣሉ። ዝገት እንግዲህ የእግዚአብሔር ቍጣ ወይም የብረት ዕጣ አይደለም፤ ገንዘብ ከወጣበት የሚገታ ነገር ነው። ገንዘቡን ፋብሪካው አስቀድሞ ካላወጣ፣ ገዢው በኋላ ያወጣዋል።

ታላቅ ስምም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በብርታቱ የተመሰገነው ቶዮታ በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2000 የተሠሩ ታኮማ የተባሉ ፒክ አፖች ሻንሲያቸው በዝገት ስለ ተበሳባቸው፣ በ2008 ከተገመተ ዋጋቸው አንድ ተኩል እጥፍ እየከፈለ መልሶ መግዛት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በኋለኞቹ መኪኖቹ ምክንያት ከተከሰሰበት ጉዳይ በስምምነት ወጣ፤ ይህም ስምምነት ወደ 1.5 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን የሚመለከትና ወጪው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ነበረ። ያም ሁሉ በሻንሲ ላይ የሚደረግ መከላከያ ስለ ጐደለ ነው። በዚያ አገር ገዢዎቹ ተባብረው የሚከሱበት ሕግና ፍርድ ቤት ስለ ነበራቸው ዕዳው ወደ ሠሪው ተመለሰ። ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ መኪና ከደላላ የገዛው የእኛ ወጣት ግን ዕዳውን የሚመልስበት በር የለውም።

የዋጋ ስሌት

ለምሳሌ ያህል ሁለት መኪኖችን እናስብ። አንደኛዋ 800,000 ብር፣ ሁለተኛዋ 1,000,000 ብር ትሸጣለች እንበል። ርካሺቱ በአራት ዓመት ውስጥ ለላሜራ፣ ለብየዳና ለቀለም 150,000 ብር ፈጀች፤ ዝገቷም ስለ ታወቀ በ400,000 ብር ተሸጠች። ጤነኛይቱ ለዚሁ ሥራ 30,000 ብር ብቻ ወሰደች፤ በ800,000 ብርም ተሸጠች። የገበያው ዋጋ ባለበት ቆሟል ብንል፣ ርካሺቱ ባለቤቷን 550,000 ብር፣ ውዲቱ ግን 230,000 ብር አስወጥታዋለች። በመጀመሪያው ቀን 200,000 ብር ያተረፈ የመሰለው ሰው በአራተኛው ዓመት 320,000 ብር ከስሮ ይገኛል።

ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገርም አለ። ዛሬ በብዙዎቹ አውቶሞቢሎች ሻንሲና ቦዲ ተለያይተው የሚሠሩ አይደሉም፤ ወለሉ፣ ከበሩ ሥር ያለው ድጋፍና ጣራው ተባብረው ኃይሉን ይሸከማሉ። ስለዚህ ዝገቱ ከበሩ ሥር ሲገባ መልኩን ብቻ አያበላሽም፤ በግጭት ጊዜ ሰውን የሚያድነውን ግድግዳ ያፈርሳል። የእንግሊዝ አገር ዓመታዊ ምርመራ የወንበር ቀበቶ፣ የመሪና የጎማ ማንጠልጠያ በሚያያዙበት ሥፍራ 30 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ከባድ ዝገት ያገኘ እንደ ሆነ መኪናውን አያሳልፍም። እኛም ቦሎ የምንለጥፈው ለደንቡ ብቻ ሳይሆን ለነፍሳችን ብለን መሆን አለበት።

ገዢው ምን ይመልከት?

መኪና የሚገዛ ወጣት መጀመሪያ ቀለሙን ትቶ ሆዱን ይመልከት። መኪናው በጋራዥ ተነሥቶ ሻንሲው፣ ወለሉና የፍሬን ቱቦዎቹ በመብራት ይታዩ። የወለሉ ምንጣፍና የትርፍ ጎማው ሥፍራ ይገለጥ። በበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ያሉት ትንንሽ የውሃ መውጫዎች በጭቃ ተደፍነው እንደ ሆነ ይጠየቅ። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በፓራፋንጎውና በበሩ ሥር ቢነካ፣ የማይስብበት ሥፍራ ቢገኝ፣ በዚያ ብረት ሳይሆን ስቱኮ እንዳለ ይታሰብ፤ የአሉሚኒየም አካል ያላቸው መኪኖች ግን ቀድሞውንም ማግኔት አይስባቸውምና ይህ ፈተና ለእነርሱ አይሆንም። ሆዱ በአዲስ ጥቁር ቀለም ተለቅልቆ የቀረበ መኪና በይበልጥ ይጠርጠር፤ እርጥብ ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

የገዛም ሰው ሥራ አለበት። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለሁሉ ነገር ይሠራል። የተጫረች ቀለም በዚያው ሳምንት ብትሸፈን ጥቂት ብር ትፈጃለች፤ ብትዘገይ ብየዳ ትጠይቃለች። የክረምቱ ጭቃ ከመድረቁ በፊት ከፓራፋንጎው ውስጥ ይታጠብ፤ የውሃው መውጫዎችም ይጠረጉ።

አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰውም ከዚህ ነፃ አይደለም። ሞተሩ ሌላ ይሁን እንጂ አካሉ በአብዛኛው ያው ብረት ነው፤ ከሁሉ የሚወደደው ባትሪም በሆዱ በኩል ተይዟል። ስለዚህ ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ ብቻ ሳይሆን፣ አካሉ በዚንክ የተለበጠ መሆኑን፣ የዝገት ዋስትና እንዳለውና ዋስትናውም በዚህ አገር የሚጸና መሆኑን ጠይቆ በጽሑፍ መቀበል ይገባዋል።

በመጨረሻም የመንግሥት ሥራ ለያዙ ወጣቶች የምንለው አለን። ነገ ለመሥሪያ ቤቶቻቸው መኪና፣ የውሃ ቱቦ፣ የጣራ ቆርቆሮና የድልድይ ብረት የሚገዙት እነርሱ ናቸው። በጨረታ ሰነዱ ላይ ስለ ልባጩ ውፍረትና ስለ ዝገት ዋስትና አንድ መስመር ካልተጻፈ፣ ዝቅተኛውን ዋጋ የሰጠው ነጋዴ ልባጩን አሳስቶ ቢያቀርብ ማንም ሊከሰው አይችልም፤ ጥፋቱ የሰነዱ ጸሐፊ ነው። የግል መኪና ሲዛግ የሚጸጸተው አንድ ሰው ነው፤ የመንግሥት ንብረት ሲዛግ ግን የሚከፍለው መኪና ኖሮት የማያውቀው ገበሬም ጭምር ነው። ስለዚህ ዋጋ በቀረበላቸው ጊዜ ሁሉ «ዛሬ ስንት ነው?» ከማለት ጋር «በአሥረኛው ዓመት ስንት ይሆናል?» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።